የሥራን ዝርዝር ስለ ማጥራትና ሥራው ስለሚመዘንበት መስፈርት

ከሐዋሳ ተነሥቶ በሀገረ ሰላም በኩል የሚመጣው መንገድ ቦሬ ሲደርስ መንገደኛው ጋቢውን ይደርባል፤ አገሩ ደጋ ነው፥ ጉም ይበዛበታል፥ እንሰትና ገብስ ይበቅልበታል። ከዚያ በአዶላ አድርጎ ወደ ነገሌ ሲወርድ ግን ጋቢው ሸክም ይሆናል፤ ወደ ቆላው በገቡ ቍጥርም የሰው ጭውውት ሁሉ ስለ ውኃ እየሆነ ይሄዳል። ይህን በመግቢያችን ያነሣነው ስለ አገር አቀማመጥ ለመጻፍ አስበን አይደለም። የጽሑፋችን ጉዳይ የሶፍትዌር ሥራ ነው፤ ይኸውም አንድ ቡድን ሊሠራ ያሰበውን ነገር በዝርዝር ሲይዝ ያ ዝርዝር እንዴት እንደሚጠራ፥ በዝርዝሩም ውስጥ ያለው አንዱ ሥራ «ተፈጸመ» እንዲባል ምን መታየት እንዳለበት ለማስረዳት ነው። ነገሩን የተማርነው ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በዚሁ መንገድ ወርደን በሠራነው ስሕተት ጭምር ስለ ሆነ ከስሕተቱ መጀመር ግድ ሆነብን።

ባለፈው ዓመት እኛ አራት ተማሪዎች፥ ከእኛም አንዱ የቦሬ ተወላጅ፥ ለትምህርታችን የሚሆን የተግባር ሥራ ፍለጋ ከነገሌ በታች ወደምትገኝ አንዲት ቀበሌ ሄድን። በቀበሌው በሞተር የሚሳብ አንድ ጥልቅ የውኃ ጕድጓድ አለ፤ ሰውም ከብትም በእርሱ ይኖራል። ሞተሩ በተበላሸ ጊዜ ጠባቂው ወደ ከተማ ሄዶ ለውኃ ጽሕፈት ቤት ይናገራል፤ ጽሕፈት ቤቱም ባለሙያ ይልካል። የቀበሌው የውኃ ኮሚቴ ምኞቱን ነገረን፤ የቦሬው ጓደኛችን ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ መለሰልን፤ እኛም ሰባት ነገር በወረቀት ጽፈን ተመለስን። ከሁሉ በላይ የተጻፈው እንዲህ የሚል ነበር፤ «ሞተሩ ሲበላሽ ለጽሕፈት ቤቱ ቶሎ ይነገር።»

ሥራው ቀላል መሰለን። ጠባቂው በስልኩ ላይ አንድ ምልክት ይጫናል፤ መልእክቱ በኢንተርኔት ወደ ጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር ይሄዳል። በኮሌጃችን ውስጥ ብንሞክረው በ4 ሴኮንድ ደረሰ። ተደሰትን፤ በዝርዝሩም ላይ «ተፈጸመ» ብለን በቀይ ቀለም አሰመርንበት።

በጥር ወር ሞተሩ ቆመ። ጠባቂው ምልክቱን ተጫነ፤ ስልኩም አረንጓዴ ምልክት አሳየው። አረንጓዴው ምልክት በእኛ አሳብ «መልእክቱ በስልኩ ውስጥ ተመዝግቧል» ማለት ነበር፤ ጠባቂው ግን «ደርሷል» ማለት ነው ብሎ ተረዳው፤ እንዲህ ቢረዳውም አይፈረድበትም። በጕድጓዱ አካባቢ ኔትዎርክ የለም። መልእክቱ ጠባቂው ለገበያ ወደ ከተማ እስከ ወጣበት እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ በኪሱ ውስጥ ተቀመጠ። በነዚህ ቀኖች እረኞቹ ከብታቸውን ወደ ሩቅ ጕድጓድ ነዱ፤ አቅም ያልነበራቸው ጥጆች በመንገድ ቀሩ። ይበልጥ ያሳፈረን ይህ ነው፤ እኛ ከመምጣታችን በፊት ቢሆን ጠባቂው በዚያው ዕለት ተነሥቶ በእግሩ ወደ ከተማ ይሄድ ነበር። ያስቀረነው እኛ ነን።

ይቅርታ ለመጠየቅ በሄድን ጊዜ ከኮሚቴው ሽማግሌዎች አንዱ ሳይቈጡ እንዲህ ብለው ጠየቁን፤ «ልጆቼ፥ ቶሎ ስንላችሁ ምን መስሏችሁ ነበር?» መልስ አልነበረንም። ይህን ጥያቄ መጠየቅ የነበረብን እኛ ነበርን፤ መጠየቅ የነበረብንም አንድ መስመር ኮድ ከመጻፋችን በፊት ነበር።

የዚህ ዓይነቱ ጥያቄ በሶፍትዌር ሠሪዎች ዘንድ ስምና ሥርዓት አለው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. በየካቲት ወር 17 የሙያው ሰዎች በአሜሪካ አገር በዩታ ክፍለ ሀገር ስኖውበርድ በተባለ ቦታ ተሰብስበው «አጃይል» የሚባለውን የአሠራር አቋም በአንድ አጭር መግለጫ አወጡ። ፍሬ ነገሩ ሥራን በሙሉ በመጀመሪያ በወረቀት ጨርሶ ከዚያ በኋላ ለብዙ ወር ዘግቶ መሥራትን ትቶ፥ ጥቂት በጥቂት እየሠሩ ለተገልጋዩ እያሳዩ ከእርሱም እየተማሩ መሄድ ነው። ከእርሱ በፊት እንኳ፥ በ1995 ዓ.ም. እንደ አውሮጳ አቆጣጠር፥ ኬን ሽዌበርና ጄፍ ሰዘርላንድ «ስክረም» የተባለውን ሥርዓት ለሙያ ጉባኤ አቅርበው ነበር። ስሙ ከራግቢ ጨዋታ የተወሰደ ነው፤ ታኬውቺና ኖናካ የተባሉ ሁለት የጃፓን ሊቃውንት በ1986 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ አዲስ ዕቃ የሚፈጥርን ቡድን ኳሱን እየተቀባበለ አብሮ ከሚሮጥ የራግቢ ቡድን ጋር አመሳስለውት ነበርና።

በስክረም ሥርዓት ቡድኑ ገና ያልሠራው ነገር ሁሉ በአንድ ዝርዝር ይያዛል፤ ዝርዝሩም «ፕሮዳክት ባክሎግ» ይባላል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የሥራ ዝርዝር እንለዋለን። ሁለት ጠባዮቹን ማስተዋል ያስፈልጋል። አንደኛው፥ ተራ አለው፤ ሥራዎቹ «አስፈላጊ»፥ «በጣም አስፈላጊ» እየተባሉ በክምር የሚቀመጡ ሳይሆኑ አንዱ ከሌላው በታች ይሰለፋሉ። ሁለተኛው፥ ከቶ አያልቅም፤ ተገልጋዩ አዲስ ነገር በተረዳ ቍጥር ይለወጣል። ከዝርዝሩ አናት ላይ ያሉት ሥራዎች አንድ ወር ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ፥ ይኸውም «ስፕሪንት» በሚባለው የሥራ ዙር፥ የሚፈጸሙ መሆን አለባቸው። ስለዚህ ወደ አናት እየቀረቡ ሲመጡ ትልቁ ይከፈላል፥ ደብዛዛው ይብራራል፥ የማያስፈልገው ይወጣል። ይህን ሥራ ነው ማጥራት የምንለው።

ተራ ስለ መያዝ ግን ለቦረና ሰው ከአሜሪካ የሚመጣ ትምህርት ያስፈልገዋል ብለን አናምንም። «ቱላ» የሚባሉትን የቦረና ጥልቅ ጕድጓዶች፥ ለምሳሌ በዱብሉቅ፥ በወብና በዳስ ያሉትን፥ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። አንዳንዶቹ 30 ሜትር ያኽል ጥልቀት አላቸው፤ ወጣቶች በጕድጓዱ ውስጥ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው እየዘፈኑ ውኃውን በእጅ በእጅ እያቀባበሉ ወደ ላይ ያወጣሉ። ጕድጓዱ «ኮንፊ» የሚባል ባለመብት አለው፤ ይህም የመጀመሪያው ቆፋሪ ወይም የእርሱ ወራሽ ነው። መንጋዎቹ የሚጠጡበት ተራ ደግሞ «ሄሬጋ» ይባላል፤ ተራውን ዕለት ዕለት የሚያስከብረውም «አባ ሄሬጋ» ነው። አባ ሄሬጋ ተራውን ብቻ አይጠብቅም፤ ጕድጓዱና ገንዳው መጠገኑን፥ አጥሩም መታጠሩን ይቈጣጠራል። ከበድ ያለ ጉዳይ ሲመጣ የጕድጓዱ ጉባኤ ተቀምጦ ይመክርበታል።

በስክረምም የዝርዝሩ ባለቤት አንድ ሰው ነው፤ ኮሚቴ አይደለም። የብዙ ሰው አሳብ ይሰማል፥ ተራውን የሚወስነው ግን አንዱ ነው። ይህን ሕግ በመጀመሪያ ስናነበው አምባገነንነት መስሎን ነበር። በኋላ ግን ሰባት የኮሚቴ አባሎች እያንዳንዳቸው ለየብቻ እየጠሩ «የእኔን አስቀድሙ» ሲሉን ምክንያቱ ገባን። ሽማግሌዎቹ ነገሩን በሰሙ ጊዜ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገንም። «አባ ሄሬጋ እንምረጥላችሁ» ብለው ሣቁና በዚያው ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ሰየሙልን።

ማመሳሰሉን ከልክ እንዳናሳልፈው እዚህ ላይ አንድ ልዩነት እንናገራለን። በሄሬጋ ውስጥ ያለ ቦታ መብት ነው፤ በጎሣ፥ ጕድጓዱን በመቆፈርና በመጥረግ በተደረገ ድካም የተገኘ ነው፤ ማንም ተነሥቶ አይሽረውም። በሶፍትዌር ዝርዝር ውስጥ ያለ ቦታ ግን የማንም መብት አይደለም፤ ትናንት ሁለተኛ የነበረ ሥራ ዛሬ ዐሥራ አምስተኛ ቢሆን የሚበደል ሰው የለም። በዝርዝር ውስጥ የቆየን ነገር ስለ ቆየ ብቻ ማክበር ቡድንን ያስራል።

ወደ ሽማግሌው ጥያቄ እንመለስ። «ቶሎ» ማለት ምን ማለት ነው? በዚያ ስብሰባ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ የፈጀንበት ይህ አንድ ቃል ነበር፤ ያገኘነውም መልስ በአእምሯችን ከነበረው ሁሉ የተለየ ሆነ።

በበጋ የቦረና ከብት ውኃ የሚጠጣው በየሦስት ቀኑ ነው። ሰኞ የጠጣ መንጋ የሚመለሰው ሐሙስ ነው፤ በማክሰኞና በረቡዕ የሚጠጡት ሌሎች መንጋዎች ናቸው። እንግዲህ ሞተሩ ሰኞ ማታ ቢቆም በመጀመሪያ የሚጐዳው የማክሰኞው መንጋ ነው። ያን መንጋ፥ አሉ ሽማግሌዎቹ፥ አንድ ቀን ማቆየት ይቻላል፤ ከብቱ አራተኛውን ቀን ይችላል፥ ከዚያ በላይ ግን ወደ ሌላ ጕድጓድ መንዳት ግድ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ረቡዕ መሥራት አለበት። ረቡዕ እንዲሠራ ባለሙያው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከከተማ መነሣት አለበት። እንዲነሣም ጽሕፈት ቤቱ ማክሰኞ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ማወቅ አለበት። እንግዲህ «ቶሎ» ማለት «ሞተሩ በቆመ ማግስት ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት» ማለት ሆነ።

ይህን ስንሰማ እርስ በርሳችን ተያየን። ማንም ያልጠየቀንን 4 ሴኮንድ ሰጥተን፥ የተጠየቅነውን መድረስ አስቀርተናል። ቀነ ገደቡ በማግስቱ ቀትር ከሆነ ኢንተርኔት እንኳ አያስፈልግም ነበር፤ ጠባቂው ኔትዎርክ ወዳለበት ጕብታ በጧት ወጥቶ አጭር የጽሑፍ መልእክት ቢልክ ይበቃ ነበር።

አንድ ሥራ ተቀባይነት እንዲያገኝ መሟላት ያለበት እንዲህ ያለው ነገር የመቀበያ መስፈርት ይባላል። መልካም መስፈርት በዓይን የሚታይ ወይም በእጅ የሚቈጠር ነው፤ ሠሪውና ተቀባዩ ጐን ለጐን ቆመው ሲመለከቱ «ሆኗል» ወይም «አልሆነም» ከማለት በቀር ሌላ ክርክር አይኖራቸውም። «ያማረ»፥ «ፈጣን»፥ «ለአጠቃቀም ምቹ» የሚሉት ቃላት መስፈርት አይደሉም፤ የመስፈርት ጥያቄ የሚያስነሡ ቃላት ናቸው።

ነገሩ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ተረኛ ተማሪ ሁሉ ከምንጭ ውኃ ቀድቶ በርሜል እንዲሞላ ይታዘዝ ነበር። «ሞልቻለሁ»፥ «አልሞላህም» የሚል ጠብ በየማታው ስለ ተነሣ አንድ መምህር በበርሜሉ ውስጥ በቀይ ቀለም መስመር አሰመሩ፤ ከማታው ደወል በፊት ውኃው መስመሩን ይንካ አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠቡ ቀረ። (እርግጥ ነው፥ አንዳንዱ ተማሪ ድንጋይ ከታች እየጨመረ ውኃውን ከፍ ማድረግ ጀመረ። ስለዚህ ጕዳይ ከዚህ በታች እንመለስበታለን።)

የሕንፃ ሥራ የሚያውቁ አንባቢዎችም ጊዜያዊ ርክክብና የመጨረሻ ርክክብ የሚባሉትን ያስታውሳሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ የሥራ ውልን የሚተረጕመው ሠሪው ለማስገኘት በገባው ውጤት ነው፤ ባፈሰሰው ላብ አይደለም። ነገር ግን ሕንፃ ተሠርቶ ሳያልቅ መጠኑ በንድፍ ታውቋል፤ ሶፍትዌር ግን እየተሠራ የሚታወቅ ነገር ስለ ሆነ መስፈርቱ በአንድ ቀን ለሁሉም ሥራ ሊጻፍ አይችልም። ለአናቱ ሥራ ዛሬ ይጻፋል፥ ለታችኛው ገና ነው።

አጻጻፉን በሚመለከት ብዙዎች የሚጠቀሙበት ዳን ኖርዝ የተባለው ባለሙያ ያስፋፋው ሦስት እግር ያለው አባባል ነው፤ በአማርኛ ስናደርገው «ይህ ሆኖ ሳለ፥ ይህ ሲደረግ፥ ይህ ይታይ» ማለት ነው። የመጀመሪያው እግር ሁኔታውን፥ ሁለተኛው ድርጊቱን፥ ሦስተኛው ውጤቱን ይይዛል። እኛን የጣለን የመጀመሪያው እግር መጕደሉ ነበር። «ጠባቂው ምልክቱን ሲጫን መልእክቱ ይድረስ» ብለን አስበናል፤ «ኔትዎርክ በሌለበት ቦታ ቆሞ ሳለ» የሚለውን ግን የጻፈ ሰው አልነበረም። ኮሌጅ ውስጥ ተቀምጦ ለሚያስብ ሰው ኔትዎርክ እንደ አየር ነው፤ መኖሩን የሚያስተውለው ሲያጣው ነው።

ከሽማግሌዎቹ ጋር ያን አንዱን ሥራ አጥርተን ስንጨርስ በርካታ ቍራጮች ወጡት። በመጀመሪያ ያስቀመጥነው ይህን ነው፤ ጠባቂው ኔትዎርክ በሌለበት ቦታ ቆሞ ሳለ ምልክቱን ሲጫን ስልኩ «አልደረሰም» የሚለውን ቃል በቀይ ያሳይ፤ ጽሕፈት ቤቱ እስኪቀበለው ድረስም ቀዩ አይለወጥ። ቀጥሎ፥ ጠባቂው ወደ ጕብታው ሲወጣ መልእክቱ ዳግመኛ ሳይነካ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ራሱ ይሂድ። ከዚያም፥ በማግስቱ እስከ 6 ሰዓት ከጽሕፈት ቤቱ መልስ ካልመጣ ለኮሚቴው ሰብሳቢ ይነገር፤ እርሱም ሰው በእግር ይላክ። ይህ የመጨረሻው የሽማግሌዎቹ አሳብ ነው። መሣሪያችን ቢሰንፍ የቀድሞው መንገድ እንዳይዘጋ አሰቡ፤ እኛ አራት የኮምፒዩተር ተማሪዎች አላሰብነውም።

ከእያንዳንዱ መስፈርት ጎን ምክንያቱን እንድንጽፍ ያስተማረን ደግሞ ይኸው «6 ሰዓት» ነው። ምክንያቱ ከሌለ ቍጥሩ ብቻውን ይቀራል፤ በሚመጣው ዓመት ሥራውን የሚረከብ ተማሪ «6 ሰዓት ለምን ሆነ? 9 ሰዓት ብናደርገው ምን አለበት?» ሊል ይችላል። «አራተኛውን ቀን የሚችል መንጋ አምስተኛውን ስለማይችል» ተብሎ ከተጻፈ ግን አይነካውም። በዝናብ ወራት፥ ውኃ በየኵሬው በሚገኝበት ጊዜ፥ ገደቡ ሊላላ እንደሚችልም ከዚሁ ምክንያት ያውቃል። በበርሜሉ ውስጥ ድንጋይ የከተተው ተማሪ መስመሩን አክብሯል፤ መስመሩ ለምን እንደ ተሠመረ ግን፥ ይኸውም ለሃምሳ ልጆች የሚበቃ ውኃ እንዲኖር መሆኑን፥ ወይ አላወቀም ወይ ንቆታል።

በዚህ ላይ በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከእኛ አንዱ እንዲህ አለ፤ «የአጃይል ሰዎች በመግለጫቸው በውል ከመደራደር ይልቅ ከተገልጋይ ጋር አብሮ መሥራት ይበልጣል ብለዋል። እኛ አሁን ነጥብ በነጥብ መጻፋችን ወደ ውል መመለስ አይደለምን?» አባባሉ ከንቱ አይደለም። ሃያ መስፈርት የተጻፈበትን አንድ ሥራ ያየ ሰው ሠሪውና ተቀባዩ እንደማይተማመኑ ይረዳል፤ እንዲህ ያለው ጽሑፍ በኋላ ለመካሰስ የሚዘጋጅ ማስረጃ ነው። ሮን ጄፍሪስ የተባለው ከመግለጫው ፈራሚዎች አንዱ በዚያው በ2001 ዓ.ም. እንደ ጻፈው የአንድ ሥራ ጥያቄ ሦስት ክፍል አለው፤ ካርዱ፥ ውይይቱና ማረጋገጫው። በካርዱ ላይ ያለው ጽሑፍ ለውይይቱ ማስታወሻ ብቻ ነው፤ መስፈርቱም ውይይቱ የደረሰበትን ቦታ የሚያመለክት ነው። እንግዲህ ልዩነቱ ከቃሉ ሳይሆን ከአመጣጡ ነው እንላለን። በጽሕፈት ቤት ለብቻ ተጽፎ ለፊርማ የተላከ ከሆነ ውል ነው። በዛፍ ጥላ ሥር ሁሉም ተቀምጦ ያወጣው ከሆነ ግን ያለ ጽሑፍ እንኳ ይጸናል፤ መጻፋችንም ስለምንረሳ ነው። ጓደኛችን በዚህ ሙሉ በሙሉ እንዳልተስማማ ለእውነቱ ስንል እንመዘግባለን።

አንድ ተጨማሪ መደናገር ላይ ጥቂት እንበል። የመቀበያ መስፈርት የአንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ለሥራዎች ሁሉ በጠቅላላው የሚሆን ሌላ መለኪያ ደግሞ አለ፤ ለምሳሌ ኮዱ በሌላ ሰው መመርመሩ፥ ርካሽ በሆነ አሮጌ ስልክ ላይ መሞከሩ። ይህ ሁለተኛው በስክረም መምሪያ ውስጥ «የተፈጸመ ትርጓሜ» ተብሎ በግልጽ ይገኛል። የመቀበያ መስፈርት የሚለው ቃል ግን በዚያ መምሪያ ውስጥ የለም፤ ከሌሎች ልማዶች ወደ ስክረም ቡድኖች የገባ ነው። በፈተና ላይ እነዚህን ሁለቱን የሚያቀላቅሉ ተማሪዎች ጥቂቶች አይደሉምና ለአንባቢ ይጠቅም ይሆናል።

ለማጥራት ሥራ ምን ያኽል ጊዜ ይሰጠው? የቀድሞው የስክረም መምሪያ ከቡድኑ ጕልበት ከመቶ 10 እጅ ባይበልጥ ይሻላል ይል ነበር፤ በ2020 ዓ.ም. እንደ አውሮጳ አቆጣጠር የታደሰው ግን ቍጥሩን አውጥቶታል። ማውጣቱ ተገቢ ይመስለናል። እኛ በመጀመሪያው ጊዜ ምንም አልሰጠነውም፤ በሁለተኛው ጊዜ ለአንድ ቃል ግማሽ ቀን ሰጠነው። ለቀሩት ስድስት ነገሮች ግን ግማሽ ሰዓትም አልፈጀብን። ከእነርሱ ሦስቱ «ይህስ አያስፈልገንም» ተብለው ወጡ፤ ከወጡትም አንዱ በኮሌጅ ሁለት ሳምንት የደከምንበትና በቀለም ያሸበረቀ የውኃ መጠን ሥዕል ነበር። የሠራው ጓደኛችን ለጥቂት ጊዜ አኵርፎ ነበር።

ቢል ዌክ የተባለ ባለሙያ በ2003 ዓ.ም. እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ያወጣውና በየመማሪያው የሚጠቀሰው የመልካም ጥያቄ ጠባይ ዝርዝርም አለ፤ ጥያቄው ከሌላው ያልተጠላለፈ፥ ለድርድር ክፍት የሆነ፥ ለተገልጋዩ ዋጋ ያለው፥ መጠኑ የሚገመት፥ ትንሽ፥ የሚፈተንም ይሁን ይላል። ከነዚህ ሁሉ የመጨረሻውን ብናስቀድም ሌሎቹ ተከትለው እንደሚመጡ በሥራችን አይተናል። የማይፈተነውን ለመፈተን ስንሞክር ትልቁ ሥራ በገዛ ራሱ ተከፈለ፤ ዋጋ የሌለውም ታወቀ።

ሁለተኛውን ሥራችንን በሚያዝያ ወር ይዘን ወረድን። በዚህ ጊዜ የሞከርነው በኮሌጅ ሳይሆን በጕድጓዱ አጠገብ ነው፤ ፈታኞቹም እኛ ሳንሆን ኮሚቴው ነበር። ጠባቂው ሞተሩ እንደ ቆመ አድርጎ ምልክቱን ተጫነ፤ ስልኩ በቀይ «አልደረሰም» አለ። አንድ ሽማግሌ ስልኩን ተቀብለው ለሁሉም እያዞሩ አሳዩ። ጠባቂው ወደ ጕብታው ወጣ፤ መልእክቱ ራሱ ሄደ፤ ቀዩም የተለወጠው ከጽሕፈት ቤቱ መልስ ሲመጣ ብቻ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ዝም ቢል ለሰብሳቢው የሚነገረውም ነገር በማግስቱ በሰዓቱ ደረሰ። ሦስቱም ተቀባይነት አገኙ።

ከዚያ በኋላ ጠባቂው ስልኩን ወደ እኛ መልሶ ያ ቀዩ ቃል ምን እንደሚል ጠየቀን። የጻፍነው በአማርኛ ነበር፤ እርሱ የሚያነበው ኦሮምኛ ብቻ ነው። ቀለሙን አይቶ እንጂ ቃሉን አንብቦ አልነበረም። የዝርዝሩ ባለቤት የተባሉት ሰው ወረቀቱን ጠየቁንና ከሦስቱ በታች አራተኛ መስፈርት አጻፉን፤ «ጠባቂው ቃሉን ራሱ ጮኾ ያንብበው።» አሁን የያዝነው ሥራ ይህ ነው፤ በሐምሌ ይዘነው እንወርዳለን።